ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ፣ ወቅፉ ቀረ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።



ሰው ከሞተ በኋላ ምን ይቀርለታል? ይህ ጥያቄ በመቃብር ዳር ብቻ የሚነሣ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በገበያ መካከል፣ በሻጭና በገዢ ጫጫታ ውስጥም ይነሣል። ዛሬ ይህንን ጥያቄ ይዘን አብረን የምንጓዝበት ጎዳና የሚገኘው በምስር ዋና ከተማ በካይሮ ነው። ዐረቦች «ሻሪዕ አል ሙዒዝ ሊዲኒላህ» ይሉታል። ጥንት ግን «አል ቀሰባ» ወይም «ታላቁ ጎዳና» እየተባለ ይጠራ ነበር። በሰሜን ባቡል ፉቱሕ ከተባለው በር ተነሥቶ በደቡብ ባብ ዙወይላ እስከሚባለው በር ይደርሳል። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ እግረኛ በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ኸሊፋዎችና ሡልጣኖች፣ ዑለማዎችና ነጋዴዎች፣ ሕሙማንና የቲሞች ተመላልሰውባታል።

እርስዎም ከቤተሰብዎ ጋር ሆነው በሐሳብ አብረውን ይራመዱ። በየደረስንበት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ይህንን ያሠራው ማን ነው? ለማን ብሎ አሠራው? ዛሬስ ከርሱ ምን ቀረ? (ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የሂጅራው ዘመን ሲጠቀስ «ዓ.ሂ.» ተብሏል።)

ሁለቱ ቤተ መንግሥታት

ሙስሊሞች በምስር ምድር መጀመሪያ የቆረቆሯት ከተማ ካይሮ አልነበረችም። በኸሊፋው በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) አገሩን ሲከፍቱ በአባይ ዳር ፉስጣጥን መሠረቱ። ፉስጣጥም የነጋዴና የዓሊም ከተማ ሆና ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆየች።

በ969 (358 ዓ.ሂ.) ከወደ ቱኒዚያ የተነሣው የፋጢሚዮች ጦር በጀውሀር አስሲቂሊ መሪነት ምስርን ያዘ። ፋጢሚዮች የኢስማዒሊያ ሺዓዎች ነበሩ፤ መንገዳቸው ከአህሉ ሱንና የተለየ ነበር። ጀውሀር ከፉስጣጥ በስተሰሜን አዲስ ከተማ ቀየሰ፤ ዙሪያውንም በቅጥር አጠረው። ጌታው ኸሊፋ አል ሙዒዝ በ973 መጥቶ ገባበት። ከተማይቱ ለሕዝብ የተሠራች አልነበረችም። የኸሊፋው፣ የቤተሰቡ፣ የሹማምንቱና የወታደሩ መኖሪያ ነበረች። ተራው ሰው ቤቱ ፉስጣጥ ነበር።

ጎዳናው ይህችን የቅጥር ከተማ ከሰሜን እስከ ደቡብ አቋርጧት ያልፋል። መሐል ላይ ሲደርስ ይሰፋና አደባባይ ይሆናል። በአደባባዩ ምሥራቅ ትልቁ ቤተ መንግሥት፣ በምዕራቡ ትንሹ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ተያይተው ቆመው ነበር። ስለዚህ ሥፍራው «በይነል ቀስረይን» ተባለ፤ «በሁለቱ ቤተ መንግሥታት መካከል» ማለት ነው።

ሰላሑዲን አል አዩቢ በ1171 (567 ዓ.ሂ.) የፋጢሚዮችን መንግሥት አበቃ። ቤተ መንግሥታቱ ለአሚሮች ተከፋፈሉ። የገዢው መቀመጫም ውሎ አድሮ ወደ ኮረብታው ምሽግ ተዛወረ። ድንጋዩ እየተነቀለ ለሌላ ቤት ዋለ፤ ሳንቃው ተወሰደ። ዛሬ እርስዎ በይነል ቀስረይን ላይ ቆመው ግራና ቀኝ ቢመለከቱ ከሁለቱ ቤተ መንግሥታት አንዱንም አያዩም። ከትንሹ ቤተ መንግሥት የተረፉ ጥቂት የተቀረጹ ሳንቃዎች በኋላ ዘመን በተሠራ ሆስፒታል ውስጥ ተሰክተው ተገኝተዋል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሰው ሁሉ «በሁለቱ ቤተ መንግሥታት መካከል» ይላል፤ ቤተ መንግሥት ግን የለም።

ከሰሜኑ በር ሲገቡ

ባቡል ፉቱሕን ያሠራው በትውልዱ አርመናዊ የነበረው ቪዚር በድር አል ጀማሊ ነው። ከ1087 እስከ 1092 ባሉት ዓመታት የጭቃውን ጡብ ቅጥር አስወግዶ በተጠረበ ድንጋይ አሳደሰው። ዛሬ የሚታዩት ሦስቱ ታላላቅ በሮች፣ ማለትም ባቡል ፉቱሕ፣ ጎረቤቱ ባቡን ነስርና በደቡብ ያለው ባብ ዙወይላ፣ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

በበሩ እንደገቡ በግራዎ በኩል የአል ሓኪም መስጂድ ይቀበልዎታል። በ990 ተጀምሮ በ1013 ተፈጸመ። የዚህ መስጂድ ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት ነው። አንድ ጊዜ የመስቀል ጦረኞች ምርኮኞች ታስረውበታል። የናፖሊዮን ጦር በ1798 ምስርን ሲይዝ የወታደር ሠፈር አድርጎታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የጥንት ዕቃዎች ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግንቡ እየፈረሰ ሄደ። በ1980 ከህንድ የመጡ የቦህራ ኢስማዒሊዮች ጠግነው ለሶላት እስኪከፍቱት ድረስ ረዥም ዘመን በጉስቁልና ቆየ። መስጂድን መስጂድ የሚያደርገው ግንቡ አይደለም፤ ሰጋጁና ጠባቂው ነው። ሁለቱ ሲጠፉ የትኛውም ሚናራ ቢረዝም ከእስር ቤትነትና ከመጋዘንነት አያድነውም።

ጥቂት አለፍ ብሎ በስተቀኝ «ሓረት በርጀዋን» የሚባል ጠባብ ሠፈር አለ። ይህንን ሠፈር ልብ ይበሉልን፤ በዚህ ጎዳና ላይ መሪ የሚሆነን ሰው የተወለደው እዚህ ነው። ተቂዩዲን አሕመድ አል መቅሪዚ ይባላል። በ1364 ገደማ ተወልዶ በ1442 (845 ዓ.ሂ.) አረፈ። በ1399 የካይሮ ሙሕተሲብ ሆኖ ተሾመ፤ ሙሕተሲብ ማለት ሚዛኑን፣ ዳቦውንና ጠቅላላ የገበያውን ሥርዓት የሚቆጣጠር ሹም ነው። ስለዚህ ጎዳናውን ከልጅነቱ እንደ ሠፈሩ፣ በጎልማሳነቱ ደግሞ እንደ ሥራው ያውቀዋል። ረሃብና ወረርሽኝ ከተማዋን ሲመታ አይቷል፤ ልጁንም በወረርሽኝ ቀብሯል። የሚያውቀው ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ የሚያውቀው ቤት ሲፈርስ አይቶ «ሳይረሳ ልጻፈው» ያለ ሰው ነው። «አል ኺጠጥ» በሚባለው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ የካይሮን መንገድ፣ መስጂድና ገበያ አንድ በአንድ መዝግቧል።

ከመዘገባቸው አንዷን ለልጆችዎ ያንብቡላቸው። ከሠፈሩ በታች የዶሮ ሻጮች ገበያ ነበረ። እዚያ ውስጥ ወፎች በጎጆ እየተደረጉ ይሸጡ ነበር። አንዲት ትንሽ ወፍ በአንድ ፈልስ፣ ማለትም በአንዲት የመዳብ ሳንቲም፣ ትገዛለች። ሕፃናቱ ገዝተው ይለቋታል፤ ወፏ አላህን ስለምታወድስ ነጻ ያወጣት ሰው ጀነት ይገባል ተብሎ ይነገራቸው ነበርና። አል መቅሪዚ ይህንን የጻፈው ገበያው ከጠፋ በኋላ ነው። የስንት ሡልጣን ግምጃ ቤት ሳይመዘገብ ሲቀር የሕፃኑ ሳንቲም ተመዝግባ እኛ ዘንድ ደረሰች።

ፊቱ ወደ መንገድ፣ ልቡ ወደ ቂብላ

ትንሽ ሄደው በግራ በኩል አል አቅመር የተባለውን መስጂድ ያገኛሉ። በ1125 (519 ዓ.ሂ.) የተሠራ ትንሽ መስጂድ ነው። ግንበኞቹ አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ጎዳናው የሚሄድበት አቅጣጫና ቂብላው አይገጥሙም። መስጂዱን በቂብላው ቢሠሩት ፊቱ ከመንገዱ ይጣመማል፤ በመንገዱ ቢሠሩት ሶላቱ ይጣመማል። ምን አደረጉ? የፊት ግድግዳውን ከጎዳናው ጋር አስተካከሉት፤ ውስጡን ግን ወደ ቂብላ አዞሩት። ልዩነቱን የሚሸከመው ግድግዳው ነው፤ በአንድ ጎኑ ይቀጥናል፣ በሌላው ይወፍራል። በካይሮ እንዲህ ሆኖ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

ውድ አንባቢ! ይህንን ግድግዳ ሲያዩ የአማኝን ሕይወት አያስታውስዎትም? አማኝ ከሰው ጋር በገበያ ይውላል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ከጎረቤቱ ጋር ሰላም ይባባላል። ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። ውስጡ ግን ከቂብላው አይነቃነቅም። በሁለቱ መካከል ያለውን ጫና በትዕግሥት የሚሸከም ግድግዳ ግን ያስፈልገዋል።

ከዚያ ጎዳናው ለሁለት ይከፈላል። በመንታው መንገድ ላይ ዐብዱረሕማን ከትኹዳ በ1744 ያሠራው ሰቢል ቆሟል። ሰቢል ለመንገደኛ በነጻ ውኃ የሚታደልበት ቤት ነው። ውኃው ከአባይ ወንዝ በአቁማዳ ተጭኖ ይመጣና ከምድር በታች በተሠራ ጉድጓድ ይጠራቀማል። በመስኮቱ በኩል በጽዋ እየተቀዳ ለጠማው ሁሉ ይሰጣል። ከውኃው ቤት በላይ ደግሞ «ኩታብ» አለ፤ ሕፃናት፣ በተለይም የቲሞች፣ ቁርኣን የሚቀሩበት ክፍል ነው። ታች ለሥጋ የሚሆን ውኃ፣ ላይ ለነፍስ የሚሆን ዒልም። የሚጠጣው ሰው የልጆቹን ድምፅ ይሰማል፤ ልጆቹም የሚጠጣውን መንገደኛ ያያሉ።

ይህ ሥራ መሠረቱ ሩቅ ነው። በመዲና ሙስሊሞች ውኃ በተቸገሩ ጊዜ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሙስሊሞች ሰጥተዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ጥሩ መሬት ባገኙ ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። ነቢዩም መሬቱ እንዳይሸጥና እንዳይወረስ ሆኖ ተይዞ ፍሬው ሰደቃ እንዲሆን መከሯቸው። ወቅፍ ማለት ይኸው ነው፤ ግንዱን ማቆም፣ ፍሬውን ማከፋፈል።

የታመመው አሚር ስለት

አሁን በይነል ቀስረይን ደርሰናል። በቀኝዎ በኩል የመምሉክ ሡልጣኖች ግንቦች ተደርድረው ይታያሉ። የበርቁቅ መድረሳ አለ፤ በ1386 ተፈጸመ። የአን ናሲር ሙሐመድ መድረሳ አለ፤ በሩ ከዐካ ከተማ ከመስቀል ጦረኞች ቤተ ክርስቲያን ተነቅሎ የመጣ ዕብነ በረድ ነው። ከሁሉም የሚገዝፈው ግን የሡልጣን ቀላውን ነው።

ቀላውን ገና አሚር ሳለ በደማስቆ በጽኑ ታመመ። ከኑሩዲን ዘንጊ ሆስፒታል መድኃኒት መጥቶለት ዳነ። ሲሻለው ሄዶ ሆስፒታሉን አየና አላህ ሥልጣን ከሰጠው በካይሮ እንዲህ ያለውን ለመሥራት ተሳለ። በ1279 ሡልጣን ሆነ። በ1284 እና በ1285 (683-684 ዓ.ሂ.) በትንሹ የፋጢሚዮች ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ ሆስፒታል፣ መድረሳና የራሱን መቃብር አሠራ።

ሆስፒታሉ የወንዶችና የሴቶች ክፍል ለየብቻው ነበረው። ለትኩሳት፣ ለዓይን፣ ለቁስልና ለስብራት፣ ለተቅማጥ የተለያዩ ክፍሎች ነበሩ። መድኃኒት የሚቀመምበት ቦታና ዋናው ሐኪም ደረሶቹን የሚያስተምርበት ሥፍራም ነበረ። ሕክምናው፣ ምግቡና አልጋው በነጻ ነው። የሞተ ቢኖር መገነዣው ከወቅፉ ይወጣል። አል መቅሪዚ እንደጻፈው ሡልጣኑ ከሆስፒታሉ መጠጥ አንድ ጽዋ አስመጥቶ ጠጣና፣ ይህንን ከእኔ ጋር ለሚተካከለውም ከእኔ በታች ላለውም ወቅፍ አድርጌያለሁ አለ። ንጉሡና ባሪያው፣ አሚሩና ወታደሩ፣ ወንዱና ሴቱ እኩል ይታከሙበታል ማለቱ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ከየት ይመጣ ነበር? ለሆስፒታሉ የተወቀፉ ሱቆች፣ ሐማሞችና የኪራይ ቤቶች ነበሩ። የዚህ ሁሉ ገቢ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ዲርሃም ይጠጋ እንደነበር አል መቅሪዚ መዝግቧል። በጎዳናው ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴ የሱቁን ኪራይ ሲከፍል፣ ያ ኪራይ ውስጥ ለተኛው በሽተኛ መድኃኒት ይሆናል። ገበያውና ሆስፒታሉ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። ሡልጣኑ በ1290 ሞተ፤ ሆስፒታሉ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ታማሚ ሲቀበል ኖረ። በ20ኛው ምዕተ ዓመትም በዚያው ግቢ የዓይን ሕክምና ቤት ተሠርቷል።

ነገር ግን ታሪኩን ግማሽ ብቻ ነግረን እንዳናልፍ እንፍራ። ግንባታው ያለቀው በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። ሥራውን ይመራ የነበረው አሚር በጎዳናው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እያስገደደ ድንጋይ ያሸክም ነበር፤ ፈረሰኛውም ወርዶ እንዲሸከም ይገደድ ነበር። ከሌላ ሡልጣን ምሽግም ዓምዶች ተነቅለው መጥተዋል። ስለዚህ ሰዎች በመንገዱ ማለፍ ተዉ። በመድረሳው ውስጥ መስገድ ይፈቀዳል ወይ ተብሎ ለዑለማዎች ጥያቄ ቀረበ፤ አንሰግድበትም ያሉ ነበሩ።

እኛ ምን እንላለን? ሆስፒታሉ ስንቱን ሰው አድኗል። በግዳጅ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ሐቅ ግን በዚያ አይሰረዝም። አላህ (ሱ.ወ.) ጥሩ እንደሆነና ጥሩውን እንጂ እንደማይቀበል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ሒሳቡን የሚያውቀው አላህ ነው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ለአላህ ቤት ስንሠራ የሠራተኛውን ደመወዝ አንከልክል፣ የጎረቤትን ድንበር አንግፋ፣ «ለዲን ነው» ብለን የሰው ሐቅ አንብላ።

ከሐበሻ የመጡት

ከቀላውን ግንብ ፊት ለፊት በ1240ዎቹ የተሠራው የሳሊሒያ መድረሳ ይገኛል። አራቱም መዝሀቦች በአንድ ግቢ የተማሩበት የመጀመሪያው የምስር መድረሳ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ የኻን አል ኸሊሊ ገበያ መግቢያዎች በግራዎ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰፊው የአል አዝሀር ጎዳና የድሮውን መንገድ ለሁለት ይቆርጠዋል። እዚህ ላይ ወደ ግራ ጥቂት እንታጠፍ፤ ከወገኖቻችን ጋር ቀጠሮ አለን።

አል አዝሀር መስጂድ በ972 ለሶላት ተከፈተ። የፋጢሚዮች ማስተማሪያ እንዲሆን የተሠራው ቤት በኋላ የአህሉ ሱንና ታላቅ መማሪያ ሆነ። ደረሶች ከየአገሩ ሲመጡ በየወገናቸው የሚያድሩበትና የሚማሩበት «ሪዋቅ» ነበራቸው። ዳቧቸውም ከወቅፍ ይመጣ ነበር። ከእነዚህ አንዱ «ሪዋቅ አል ጀበርት» ይባላል፤ ከሐበሻ ምድርና ከዘይላዕ በኩል ለሚመጡ ሙስሊሞች የተለየ ነው። እናትና አባታቸውን ተሰናብተው፣ በረሃና ባሕር አቋርጠው የመጡ ወጣቶች እዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል።

በካይሮ ከታወቁት መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐሊ አዝዘይለዒ አሉ። በ705 ዓ.ሂ. ገብተው ፊቅሕ ሲያስተምሩ ኖረው በ743 ዓ.ሂ. አረፉ፤ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተባለው መጽሐፋቸው በሐነፊ መዝሀብ ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጀማሉዲን አዝዘይለዒ በ762 ዓ.ሂ. እዚያው አርፈዋል፤ «ነስቡር ራያ» የተሰኘው የሐዲስ ሥራቸው በዓለም ዙሪያ በዑለማዎች እጅ አለ። በ1753 የተወለደው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲም ስሙ እንደሚያመለክተው የዚያው ሪዋቅ ሸይኾች ዘር ነው። በ1798 የፈረንሳይ ወታደሮች ከነፈረሳቸው አል አዝሀር ሲገቡ የሆነውን ለዓለም የነገረው እርሱ ነው።

አል መቅሪዚም አልረሳንም። በ839 ዓ.ሂ. በመካ ሳለ ከሐበሻ ከመጡ ሰዎች እየጠየቀ በምድራችን ስለነበሩት ሙስሊም ነገሥታት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ኢፋት ሡልጣኖች ስለ ሐቁዲንና ስለ ሰዕዱዲን የምናውቀው ብዙው ነገር ከዚያች መጽሐፍ የተገኘ ነው። ውድ አንባቢ፣ ይህንን ልብ ይበሉ! የራሳችንን ታሪክ የመዘገበልን የሓረት በርጀዋን ልጅ ነው። እርሱ ባይጠይቅ፣ ሰዎቹም ባይነግሩት ኖሮ ስንቱ ነገር ጠፍቶ ነበር።

ባዶው መቃብር

ወደ ጎዳናው እንመለስ። መንገዱን ተሻግረው ሲሄዱ ግራና ቀኝ የሡልጣን ቃንሱህ አል ጉሪ ግንቦች ያጅቡዎታል። በቀኝ መስጂዱና መድረሳው፣ በግራ መቃብሩ። ከ1503 እስከ 1505 ባለው ጊዜ ብዙ ወርቅ ፈሶባቸው ተሠሩ። ዕብነ በረዱ ከሌሎች ቤቶች በጉልበት የተወሰደ ነበር። የካይሮ ሰው ቀልድ ያውቃልና መስጂዱን «አል መስጂድ አል ሐራም» ብሎ ሰየመው። እንደ መካው የተከበረ ማለቱ አይደለም፤ በሐራም ገንዘብ የተሠራ ማለቱ ነው።

አል ጉሪ በ1516 (922 ዓ.ሂ.) ከዑስማኒዮቹ ጋር ሊዋጋ ወደ ሶሪያ ዘመተ። በመርጅ ዳቢቅ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ያ ሁሉ ወርቅ የፈሰሰበት መቃብር ባለቤቱን ሳይቀበል ቀረ። የወንድሙ ልጅና ተተኪው ቱማን ባይ በሚቀጥለው ዓመት ተማርኮ በባብ ዙወይላ ተሰቀለ። በመጨረሻ በዚያ መቃብር ያረፈው እርሱ ነው። ማንም ነፍስ በየት ምድር እንደምትሞት አታውቅም ብሎ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሉቅማን ያስተማረን በዚህ ጎዳና ላይ በድንጋይ ተጽፎ ይነበባል።

መድረሻችን ባብ ዙወይላ ነው። በበሩ ማማዎች ላይ የቆሙት ሁለት ሚናራዎች የሡልጣን አል ሙአየድ ሸይኽ መስጂድ ናቸው። ሸይኽ አሚር ሳለ በበሩ አጠገብ በነበረ እስር ቤት ታስሮ ነበር። ቁንጫው፣ ቅማሉና ጠረኑ አሠቃየው። አላህ ነጻ ካወጣው እስር ቤቱን አፍርሶ መስጂድና መድረሳ ሊሠራበት ተሳለ። ሡልጣን ሲሆን ስለቱን ፈጸመ፤ ሥራው በ1415 ተጀመረ። ከሥቃይ የወጣ ሰው ሁሉ እንዲህ አያደርግም። ብዙው ሥልጣን ሲይዝ ሌሎችን የሚያስርበትን ቤት ያሰፋል እንጂ አያፈርስም።

ከመስጂዱ ፊት ለፊት አንድ ትንሽ ሰቢልና ኩታብ አለ። ያሠራችው ነፊሳ አል በይዳ የተባለች ሴት ናት፤ ዘመኑ 1796 ነው። በባርነት ወደ ምስር የመጣች፣ በኋላ የታላላቅ ሹማምንት ሚስት የሆነች ሴት ነበረች። ጀምረን ያለፍናቸው ግንቦች የሡልጣንና የአሚር ናቸው። በመጨረሻ የምናየው ደግሞ ባሪያ የነበረች ሴት ለመንገደኛ ውኃ፣ ለሕፃናት ቁርኣን የተወቀፈላቸውን ቤት ነው። በዚህች ጎዳና ላይ ስሟ ከኸሊፋዎቹ ቤተ መንግሥት ይልቅ ጸንቶ ቆሟል።

እኛስ ምን እንተዋለን?

ውድ አንባቢ! በሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ብዙ አየን። ለራስ ክብር የተሠራው ፈረሰ፣ ወይም ባዶ ቀረ። ለሰው ጥቅም ተወቅፎ የተተወው ቆየ። የወቅፉም ዕድሜ ቢሆን በጠባቂ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሙሐመድ ዐሊ የወቅፍ መሬቶችን በመንግሥት እጅ ሲያገባ ብዙው መድረሳና ሰቢል ደሀየ። በጥቅምት 1992 የመሬት መንቀጥቀጥ ካይሮን ሲመታ ያረጁት ግንቦች ተሰነጣጠቁ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ብዙ ጥገና ነው ጎዳናው አሁን ባለበት መልክ የሚታየው።

የአደም ልጅ ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ሦስት ነገር ግን እንደሚቀርለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። እነርሱም የማያቋርጥ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዒልምና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው። በዚህ ጎዳና ላይ ሦስቱንም አይተናል። ሰቢሉና ሆስፒታሉ ሰደቃው ነው። የአል መቅሪዚና የዘይለዒዎቹ መጽሐፍ ዒልሙ ነው። በኩታቡ ሰገነት የሚቀራው ሕፃን ደግሞ ልጁ ነው።

«እኛ ሡልጣን አይደለንም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ወቅፍ ለመሥራት ሡልጣን መሆን አያስፈልግም። የአንዲት ሱቅ ኪራይ የአንድ ኡስታዝ ደመወዝ ይሆናል። የአንዲት ቧንቧ ውኃ ስንቱን ተማሪ ያጠጣል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ባይችል አምስት ቤተሰብ ተባብሮ ይችላል። በጽሑፍና በምስክር ይሁን እንጂ፤ ያልተጻፈ ወቅፍ ሰጪው ሲሞት የወራሾች ክርክር ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር መመዝገብ ነው። የሠፈርዎን መስጂድ መሬት የሰጠው ማን ነው? የመጀመሪያው ኢማም ማን ነበሩ? ጉድጓዱን ያስቆፈሩት እናት ስማቸው ማን ይባላል? በወሎም፣ በሐረርም፣ በጅማም፣ በአዲስ አበባም ይህንን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። አሮጌው መስጂድ ሲታደስ የድሮው ድንጋይ ይጣላል፤ ሸይኹ ሲሞቱ በእጅ የተጻፉት ኪታቦች ይበተናሉ። አል መቅሪዚ በሠፈሩ ያለውን መንገድ ሲመዘግብ ሌላ ሰው አልጠበቀም። ዛሬ ማታ ልጅዎን ደብተር አስይዘው ወደ አያቱ ይላኩት፤ አያቱ ይናገሩ፣ እርሱ ይጻፍ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከሐላል አግኝተው ለወገን ከሚተዉት፣ ከሞቱም በኋላ መዝገባቸው ከማይዘጋው ባሮቹ ያድርገን። ያለፉትን ሸይኾቻችንንና ወላጆቻችንን ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።